በፒዊ ደ ዶም ተራራ ላይ ያለውን የሜርኩሪ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ እንዴት እንደምትጎበኙ

ፈረንሳይ የሚኖሩ ወዳጆቼም ሆኑ ለዘመድ ጥየቃ የሚመጡ እንግዶች ስለ ፒዊ ደ ዶም ሁለት ነገር ደጋግመው ይጠይቁኛል። አንዱ ከመሄዳቸው በፊት ነው፦ «እዚያ ተራራ ላይ የሮማውያን ዘመን ቤተ መቅደስ አለ አሉ፤ እንዴት ነው የሚኬደው?» ሌላው ከተመለሱ በኋላ ነው፦ «ሄድን፤ ግን ከድንጋይ በቀር ያየነው ነገር የለም። ምን ማየት ነበረብን?» ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለሁለቱም እንዲሆን ነው። በተለይ ሁለተኛው ጥያቄ ያሳዝነኛል። ቦታው ላይ የሚታይ ብዙ ነገር አለ፤ ግን በቅደም ተከተሉ ያላየው ሰው ምንም ሳይገባው ይመለሳል።

ፒዊ ደ ዶም በመካከለኛው ፈረንሳይ፣ በኦቨርኝ፣ ከክሌርሞን ፌራን ከተማ በስተምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ከፍታው 1,465 ሜትር ነው። ከጫፉ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሜርኩሪ የተሠራ ቤተ መቅደስ መሠረትና ግድግዳ ይገኛል። ሜርኩሪ የነጋዴዎችና የመንገደኞች አምላክ ይባል ነበር፤ በዚያ ዘመን ጎል ይባል በነበረው በዚህ አገር ብዙ አማኝ ነበረው። ለጉብኝቱ ይህን ያህል ማወቅ ይበቃል።

ከመነሣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ልብ በሉ

አንደኛ፣ ቆሞ የሚጠብቃችሁ አምድና ጣሪያ የለም። የሐን ያየ ሰው ከፍ ብሎ የቆመ ግድግዳ ይጠብቅ ይሆናል፤ እዚህ ግን አብዛኛው ግንብ ዝቅተኛ ነው። የቦታው ትልቅነት የሚታየው በቁመቱ ሳይሆን በስፋቱና በእርከኖቹ ነው። ግንባታው በግምት 60 ሜትር በ60 ሜትር ይሸፍናል። ይህን ሁሉ ድንጋይ ተራራ ጫፍ ላይ አውጥቶ ማቆም ምን ማለት እንደሆነ በእግራችሁ ስትወጡ ይገባችኋል።

ሁለተኛ፣ ከፍታውን አትፍሩ፤ ብርዱን ግን ፍሩ። አዲስ አበባ ከዚህ ጫፍ በ900 ሜትር ገደማ ትበልጣለች፤ እዚያ ያደገ ሰው ትንፋሽ አያጥረውም። የሚያስቸግረው ነፋሱና ጉሙ ነው። ከተማው ውስጥ በሸሚዝ የሚኬድበት ቀን፣ ተራራው ላይ ወፍራም ጃኬት ሊያስለብስ ይችላል። ጫፉ ራቁቱን የወጣ ገላጣ ስለሆነ ከነፋስ የሚከልል ዛፍ የለውም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሶሉ የሚቧጥጥ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ። መንገዱ ላይ ልቅ ጠጠር አለ፤ ለስላሳ ሶል ያንሸራትታል።
- ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ በበጋም ቢሆን። ከውስጥ የሚደረብ ሹራብ ጨምሩ።
- ኮፍያና የፀሐይ መከላከያ ቅባት። ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ ሲያቃጥላችሁ አይታወቃችሁም።
- በእግር ለሚወጣ ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር ውኃ። ሽቅብ ላይ የሚሸጥ የለም።
- ምግብ። ጫፉ ላይ መመገቢያ አለ፤ ነገር ግን የኦቨርኝ ማዕድ አይብና የአሳማ ሥጋ የበዛበት ነው። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም የጾም ወቅት ከሆነ፣ ወይም እስላም ከሆናችሁ፣ ስንቃችሁን ከቤት ብትይዙ ይሻላል።
- ባትሪው የሞላ ስልክ፣ የአካባቢው ካርታ አስቀድሞ የወረደበት። ብርድ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል፤ ስልኩን በውስጥ ኪስ ያዙ።
- የባንክ ካርድ፣ ወደ ጫፉ ለሚወጣው ባቡር ትኬትና ለመመገቢያው።
- የቆሻሻ ከረጢት። ይዛችሁ የወጣችሁትን ይዛችሁ ትወርዳላችሁ።
- በክረምት ከሆነ፣ ጫማ ላይ የሚታሰር የበረዶ መንጠቆ።

ማስጠንቀቂያዎች

ግንቡ ላይ አትውጡ፤ አትቀመጡበትም። ምክንያቱ ሥርዓት ብቻ አይደለም። ድንጋዩ ውኃ ይመጥጣል፤ ውኃው በክረምት ሲቀዘቅዝ ይለጠጥና ድንጋዩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ከላይ ጠንካራ የሚመስለው ጠርዝ በአንድ ሰው ክብደት ሊረግፍ ይችላል። በገመድ ወይም በአጥር የተከለለውን አትለፉ።

ምንም ድንጋይ፣ ስባሪ ሸክላም ቢሆን፣ አንሥታችሁ ኪስ አትክተቱ። ፈረንሳይ ውስጥ ያለ ፈቃድ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ጥንታዊ ዕቃ መፈለግም በሕግ የተከለከለ ነው።

ከመንገዱ አትውጡ። የእሳተ ገሞራው አፈር ልል ነው፤ አቋራጭ የሚያበጅ እግር ሣሩን ከገፈፈው ዝናቡ ቀሪውን ይወስደዋል። ይህ የእሳተ ገሞራ ሰንሰለት በ2018 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባ ነው፤ ጥበቃውም ጠበቅ ያለ ነው።

በባቡሩ ሐዲድ ላይ መሄድ ፈጽሞ ክልክል ነው። ድሮ መኪና ይወጣበት የነበረውን መንገድ አሁን የያዘው ባቡሩ ስለሆነ፣ አሮጌ ካርታ አይታችሁ በዚያ በኩል እንዳትነሡ።

መብረቅ ያለበት ትንበያ ከሆነ ጉዞውን ለሌላ ቀን አድርጉት። ገላጣው መንገድ ላይ መሸሸጊያ የለም። ድንገተኛ ነገር ከገጠማችሁ በማንኛውም ስልክ 112 ይደወላል።

አሠራሩ

1. ቀኑን በጉም ምረጡ እንጂ በዕረፍት ቀናችሁ ብቻ አትወስኑ።
ጉም ከገባ አሥር እርምጃ ርቆ ያለ ግንብ እንኳ አይታይም። ከሜይ አጋማሽ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ያለው ጊዜ ምቹ ነው። ከዚያ ውስጥ ጁላይና ኦገስት ሰው ይበዛባቸዋል፤ ስለዚህ ጁን ወይም ሴፕቴምበር ብትመርጡ እላለሁ። የከተማውን የአየር ትንበያ ሳይሆን የተራራውን ጫፍ ትንበያ ተመልከቱ። ጠዋት ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ የጫፉን ቀጥታ ምስል የሚያሳየውን ካሜራ በኢንተርኔት እዩት። አንዳንድ ቀን ከተማው በጉም ተሸፍኖ ጫፉ ከጉሙ በላይ ፀሐይ ላይ ይሆናል፤ አንዳንድ ቀን ተቃራኒው ነው። ካሜራውን ያላየ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም።

2. ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር አረጋግጡ።
የባቡርና የሙዚየም ሰዓት ሁሉ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በ24 ሰዓት ይጻፋል። 14:00 ማለት በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ 18:00 ማለት ደግሞ ምሽት 12 ሰዓት። ከአገር ቤት አሁን የመጣ እንግዳ ካላችሁ ይህን አብራችሁ ቁጠሩት፤ የመጨረሻው ባቡር የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የጀንበር መጥለቂያውንም እዩ፦ በጁን ምሽት 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ድረስ ብርሃን አለ፤ በዲሴምበር ግን 11 ሰዓት ሲሆን ይመሻል።

3. ክሌርሞን ፌራን ድረስ ድረሱ።
ከፓሪስ የሚነሣው ባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ባቡሩ የሚነሣው ከቤርሲ ጣቢያ ነው። ጋር ደ ልዮን ሄደው የሚጠብቁ አሉ፤ ሁለቱ ጣቢያዎች በእግር የሚደረስባቸው ጎረቤቶች ቢሆኑም ሻንጣ ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው መሮጥ ባቡሩን ያስመልጣል። በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ ግን ያጣድፋል። አንድ ሌሊት ከተማው ውስጥ ብታድሩ ለሙዚየሙም ጊዜ ታገኛላችሁ፤ ሙዚየሙ ለምን እንደሚያስፈልግ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከከተማው ወደ ተራራው ግርጌ በጎብኚዎች ወቅት አውቶቡስ አለ። ከወቅቱ ውጪ ታክሲ ወይም የኪራይ መኪና ያስፈልጋችኋል።

4. አወጣጣችሁን ወስኑ፤ ሁለቱ መነሻዎች አንድ ቦታ አይደሉም።
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ባቡሩ ፓኖራሚክ ዴ ዶም ይባላል። በ2012 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በመካከሉ ጥርስ ባለው ሐዲድ እየነከሰ ስለሚወጣ ዳገቱ አይከብደውም። ከግርጌው ጣቢያ ጫፍ ለመድረስ 15 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። ለአረጋውያን፣ ለትንንሽ ልጆች፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይህ ነው የሚሻለው።

በእግር የሚወጣው ዋናው መንገድ ሳንቲዬ ዴ ሙሌቲዬ፣ ማለትም የበቅሎ ነጂዎች መንገድ ነው። የሚነሣው ኮል ደ ሴሳ ከሚባለው 1,078 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ መተላለፊያ ነው፤ ከባቡሩ ጣቢያ ሌላ ቦታ ነው። ደህና የሚራመድ ሰው ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። በስተሰሜን በኩል ደግሞ የፍየሎች መንገድ የሚባል ሌላ አለ፤ ረዘም ያለ ነው፤ ለመጀመሪያ ጉብኝት አልመክረውም።

እንግዲህ መኪናችሁን ኮል ደ ሴሳ አቁማችሁ በእግር ከወጣችሁና በባቡር ከወረዳችሁ፣ ባቡሩ የሚያወርዳችሁ መኪናው ወደሌለበት ጣቢያ ነው። ስለዚህ ከሴሳ በእግር የወጣ በዚያው በእግር ይውረድ። በባቡር የወጣ በባቡር ይውረድ። ሾፌር ያለው ቡድን ብቻ ነው መቀላቀል ያለበት፤ እሱም መኪናውን አዙሮ ግርጌው ጣቢያ የሚጠብቅ ሰው ካለ።

ጤና ካላችሁ በእግር ውጡ እላለሁ። ይህ የበቅሎ መንገድ የጥንቶቹ ምዕመናን የወጡበትን መንገድ የሚከተል ነው። ኮል ደ ሴሳ ላይ የዚያ ዘመን መንደር እንደነበረ በቁፋሮ ታውቋል። በዚህ በኩል የወጣ ሰው ቤተ መቅደሱ ጋ ሲደርስ እግሩ የሚነግረው ነገር አለ፤ ከባቡር የወረደው ግን ጣቢያውን፣ መመገቢያውንና አንቴናውን ነው ቀድሞ የሚያየው።

5. ዳገቱን በልክ ያዙት።
ሽቅቡ ወደ 400 ሜትር የሚጠጋ ነው፤ ባጭር ርቀት ውስጥ ስለሆነ ጠመዝማዛ ነው። መጀመሪያ ላይ በዛፍ ጥላ ስር ትሄዳላችሁ፤ ሙቀት ስለሚሰማችሁ ጃኬቱን ታወልቃላችሁ። ከዛፉ ከመውጣታችሁ በፊት፣ ገና ጥላው ውስጥ እያላችሁ መልሳችሁ ልበሱት። ላብ የነካው ሸሚዝ ነፋስ ሲያገኘው ነው ሰው የሚታመመው። ልጆች ከፊት አይሩጡ፤ መታጠፊያዎቹ ላይ ከላይ የሚወርድ ሰው ጠጠር ሊያንከባልል ይችላል።

6. ጫፍ ስትደርሱ ወደ ፍርስራሹ ቀጥታ አትሂዱ።
በቅድሚያ ስለ ቤተ መቅደሱ የሚያስረዳውን ትንሽ ማሳያ ክፍል ፈልጉ። እዚያ ሕንፃው ሙሉ በነበረበት ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ሞዴል አለ። አስር ደቂቃ ቁሙበትና ሦስት ነገር በዓይናችሁ ያዙ፦ እርከኖቹ እንዴት አንዱ ከአንዱ በላይ እንደሚወጡ፣ መተላለፊያ ኮሪደሮቹ የት እንደሆኑ፣ የጣዖቱ ማደሪያ የነበረው የውስጠኛው ክፍል የት እንደሚያርፍ። ክፍሉ ዝግ ሆኖ ብታገኙት ውጪ ያሉትን የማስረጃ ሰሌዳዎች ተጠቀሙ፤ ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ዙሩ።

ለምን ይህ ይቀድማል? ውጪ የምታዩት በአብዛኛው የግድግዳ ሥር ነው። ፕላኑን ያላየ ሰው ሦስት ግድግዳ እርስ በርሱ ሲቆራረጥ ያያል። ፕላኑን ያየ ሰው ግን በዚያው ቦታ ኮሪደር፣ በርና ክፍል ያያል።

7. ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ አንብቡት።
የጉብኝቱ ልብ ይህ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ስጡት።

ከቤተ መቅደሱ ዝቅተኛ ጫፍ ቁሙና ወደ ላይ ተመልከቱ። ሕንፃው የተሠራው በተደለደለ ሜዳ ላይ አይደለም። ተዳፋቱ በእርከን ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ እርከን በወፍራም የድጋፍ ግንብ ተይዟል። መጀመሪያ እነዚህን የድጋፍ ግንቦች ለዩ፦ ከሌሎቹ ይወፍራሉ፤ ከበስተኋላቸው አፈር አለ። ሥራቸው ክፍል መከለል ሳይሆን አፈሩ እንዳይናድ መያዝ ነበር።

ቀጥሎ ወደ ላይኛው እርከን በተፈቀደው መንገድ እለፉ። በየደረጃው ቆም ብላችሁ «እዚህ የቆመ ምዕመን ምን ይታየው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የውስጠኛው ክፍል ካለበት ግድግዳ ጋር ያላችሁን ርቀት እያያችሁ ሂዱ። ሰው ወደ አምላኩ ማደሪያ የሚቀርበው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ እንዲሆን ተደርጎ ነው የታነጸው። በዚህ ዓይነት ቤተ መቅደስ የውስጠኛው ክፍል ለሕዝብ ጉባኤ የሚሆን አዳራሽ አልነበረም፤ ሕዝቡ ውጪ፣ በእርከኑና በግቢው ይቆማል። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ብሎ ለለመደ ሰው ይህ አከፋፈል ለመረዳት አይከብደውም፤ አምልኮው ሌላ ቢሆንም ቅርበትን በደረጃ የመክፈል ሐሳቡ ይገባዋል።

ጫማ ማውለቅ ያስፈልጋል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አያስፈልግም፤ ዛሬ አምልኮ የሚፈጸምበት ቦታ አይደለም፤ የአርኪዮሎጂ ቅርስ ነው።

8. አሁን አንድ ድንጋይ ምረጡና በቅርበት እዩት።
ከትላልቆቹ ጥርብ ድንጋዮች አንዱ አጠገብ፣ ሳትነኩት፣ ቁጢጥ በሉ። በሁለት ድንጋይ መጋጠሚያ ጠርዝ ላይ ጣት የሚያህል የተቦረቦረ ቦይ ፈልጉ፤ ከአንዱ ድንጋይ ጀምሮ ወደ ጎረቤቱ የሚሻገር ይመስላል። የብረት ማያያዣው የተቀበረበት ነው። ግንበኞቹ ሁለቱን ድንጋይ በብረት መንጠቆ አያይዘው፣ ዙሪያውን ቀልጦ በፈሰሰ እርሳስ ይሞሉት ነበር። እርሳሱ ውኃ ብረቱ ጋ እንዳይደርስ ይከላከላል፤ ብረት ሲዝግ ስለሚያብጥ ድንጋዩን ይፈነቅለዋልና። እንዲህ ካሉ ሕንፃዎች ኋላ የመጡ ሰዎች ብረቱንና እርሳሱን እየነቀሉ ወስደዋል፤ ስለዚህ ዛሬ የምታዩት ባዶውን ቦይ ነው።

ከዚያ አሮጌውን ከአዲሱ ለዩ። የግንቡ ከፊል በዘመናችን ተጠግኗል፤ የተወሰነው ክፍልም ቁመቱ እንዲታይ እንደ ገና ተገንብቷል። አዲሱ ድንጋይ ጠርዙ ስል ነው፤ ቀለሙ ወጥ ነው፤ የድንጋይ ሽበት አልያዘም። አሮጌው ጠርዙ ዶልዱሟል፤ ገጹ ተበልቷል። ይህን ሳትለዩ ፎቶ አንሥታችሁ «የሮማውያን ግንብ» ብላችሁ ብትልኩ የላካችሁት የዛሬ ግንበኛ ሥራ ሊሆን ይችላል።

9. ፎቶውን በጎን ብርሃን አንሡ።
እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ ዝቅተኛ ግንብ ጥላ አይጥልም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ጥላ ሲረዝም፣ የእያንዳንዱ ግድግዳ መስመር ተለይቶ ይታያል። ሰው በፎቶው ውስጥ ይቁም፤ ግን በመንገዱ ላይ እንጂ በግንቡ ላይ አይደለም። ሰው ከሌለበት የግንቡ መጠን አይታወቅም። ድሮን አትያዙ፤ ከጫፉ ተነሥተው በጨርቅ ክንፍ የሚንሳፈፉ ሰዎች (ፓራግላይደሮች) በአየር ላይ ስላሉ ለሕይወታቸው አደጋ ነው።

10. ጫፉን ዞራችሁ የከተማውን አቅጣጫ አግኙ።
በጫፉ ዙሪያ የተሠራ መንገድ አለ፤ በቀላሉ ይዞራል። በስተምሥራቅ ክሌርሞን ፌራን ትታያለች። በስተሰሜንና በስተደቡብ እስከ 80 የሚደርሱ እሳተ ገሞራዎች ተሰልፈው ታያላችሁ፤ ብዙዎቹ አናታቸው እንደ ሳህን የጎደጎደ ነው። ይህን የምታደርጉት ለእይታው ብቻ አይደለም። ከዚህ ከተማው እንዲህ ቁልጭ ብሎ ከታየ ከከተማውም ቤተ መቅደሱ ይታይ ነበር ማለት ነው፤ ቦታው ለምን እንደተመረጠ የሚገባችሁ እዚህ ስትቆሙ ነው። ልጆች ካሉ ደግሞ ይህን ንገሯቸው፦ በ1648 የብሌዝ ፓስካል አማች ፍሎራን ፔሪዬ ሜርኩሪ የሚባለው ፈሳሽ ብረት ያለበት የመስታወት ቱቦ ይዞ እዚሁ ወጥቶ፣ ከፍ ባሉ ቁጥር የአየር ግፊት እንደሚቀንስ በመለካት አሳይቷል።

11. ውረዱ።
የባቡር ሰው የመጨረሻውን ሳይሆን ከመጨረሻው በፊት ያለውን ባቡር ያስብ፤ ማታ ማታ ሰልፉ ይረዝማል። የእግር ሰው እርምጃውን ያሳጥር፤ በጠጠር ቁልቁለት ላይ የሚያንሸራትተው ረጅም እርምጃ ነው። የጫማ ማሰሪያችሁን ከመውረዳችሁ በፊት ከቁርጭምጭሚቱ ላይ አጥብቁት፤ ካልጠበቀ ጣቶቻችሁ ወደ ፊት እየተገፉ ጥፍር ይጎዳሉ።

12. በማግስቱ ባርጉዋን ሙዚየም ግቡ።
ይህን እርምጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ ጉብኝቱን ሙሉ የሚያደርገው ግን እሱ ነው። ከተራራው በቁፋሮ የወጣው ዕቃ ተራራው ላይ አይደለም፤ ክሌርሞን ፌራን መሐል ባለው በዚህ ሙዚየም ነው የሚገኘው። ሰኞ አይከፈትም፤ በሌሎቹ ቀናትም ከመሄዳችሁ በፊት ሰዓቱን በድረ ገጹ አረጋግጡ።

ገብታችሁ በመጀመሪያ በ1874 ተራራው ላይ የተገኘውን ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ ጠይቁ። ማቱቲኒዩስ ቪክቶሪኑስ የሚባል ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ መለኮታዊ ኃይልና ለዱሚያስ ሜርኩሪ በስጦታ እንዳቀረበው ተጽፎበታል። ቤተ መቅደሱ የማን እንደሆነ በእርግጠኝነት እንዲታወቅ ያደረገው ይህ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳውን ከማየታችሁ በፊት ተራራውን ማየታችሁ ይረዳል፤ ሰውዬው ይህን ነሐስ ይዞ የወጣበትን ዳገት ታውቁታላችሁና።

እዚያው ሙዚየም ውስጥ፣ ከከተማው ጎን ካለችው ከሻማሊዬር ምንጭ የወጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ከእንጨት የተቀረጹ የስለት ዕቃዎች አሉ፦ እግር፣ እጅ፣ ራስ፣ ሙሉ ሰው። እግሩን ያመመው እግር አስቀርጾ ያቀርብ ነበር። እንጨት ይህን ያህል ዘመን የቆየው በውኃ በራሰ መሬት ውስጥ አየር ሳያገኘው ስለቀረ ነው። ተራራው ላይ ድንጋዩን አያችሁ፤ የስለተኛውን ሰው ጭንቀት ግን የምታገኙት እዚህ ነው። ለእኔ ከጉዞው ሁሉ አንጀት የሚበላው ክፍል ይህ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

- ኮል ደ ሴሳንና የባቡሩን ጣቢያ አንድ ቦታ አድርጎ ማሰብ። ለመኪናው አድራሻ ስታስገቡ ከሁለቱ የትኛውን እንደምትፈልጉ ለይታችሁ ጻፉ።
- ባቡሩ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሠራል ብሎ መገመት። የክረምትና የበጋ ሰዓቱ ይለያያል፤ ለጥገና የሚቆምበትና በመጥፎ አየር ምክንያት የማይሄድበት ቀንም አለ። በዚያው ሳምንት የወጣውን የጊዜ ሰሌዳ ተመልከቱ።
- ጠዋት ከተማው ሞቆ ስላገኙት ጃኬቱን ሆቴል ትቶ መውጣት።
- በጫፉ ላይ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ማቀድ። ለማሳያው ክፍል፣ ለፍርስራሹና ለዙሪያው መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል፤ የመውጫና የመውረጃው ጊዜ ሳይቆጠር።
- ሙዚየሙን ሰኞ ላይ ማቀድ። ቅዳሜ ተራራውን፣ እሑድ ሙዚየሙን ብታደርጉት ለሠራተኛ ሰው ይመቻል፤ እሑድ ማታ ወደ ፓሪስ የሚመለሰው ባቡር ግን ቶሎ ስለሚሞላ ትኬቱን ከመሄጃው ጋር አንድ ላይ ግዙት።